ብርድ አመላላሹ ሶሬሳ

ያን ዓመት ክረምቱ አቃቂን ለቆ የሚሄድ አይመስልም ነበር። ሐምሌ ገብቶ እስኪወጣ ፀሐይ የምትታየው እንደ ችኩል እንግዳ ነው፤ ብቅ ትልና ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ወንዙ ሞልቶ ድምፁ እስከ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ አይደርቅም፤ ለብሰውት ሲወጡ ገላ ላይ ነው የሚደርቀው። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። የፋብሪካ ሰርቪስ የሚጠብቁ ልጆች በጠዋት መንገድ ዳር ተጠጋግተው ሲቆሙ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ከሩቅ ይታያል። እንዲያው አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ብርድ ነበር። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ የዘንድሮውስ ምን ዓይነት ነው እየተባባለ ያልፋል።

በዚያ ክረምት ሶሬሳ ከዚያ ሁሉ የባሰ ብርድ በእጁ አንጠልጥሎ ይመላለስ ነበር።

ሶሬሳን በዚያ አካባቢ ከብት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሠራው ቃሊቲ፣ የከብት ማዳቀያው ውስጥ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከተመረጠ ኮርማ የተወሰደ ዘር ከስንደዶ በምትቀጥን ቱቦ ይታሸግና ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ማለት የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ነገር፣ ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ነው። ውሃ ይምሰል እንጂ እጅ ላይ ቢፈስ እንደ እሳት ይልጣል። ዘሩ እዚያ ውስጥ ዓመትም ሁለት ዓመትም ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ሶሬሳ የወተት ማመላለሻ የሚመስለውን፣ አንገቱ ጠባብ የሆነውን የአሉሚኒየም ታንክ ሞተር ሳይክሉ ላይ ያስርና ገላን፣ ዱከም፣ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ይሄዳል። ላሟ ኮርማ የፈለገችበት ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የሰፈር ሴቶች አይምሩትም ነበር። ዘንድሮ ስንት ወለድክ ብለው ሲጠይቁት፣ የገላኖቹ ገና ተቆጥረው አላለቁም ይላል። ሚስቱ ጋዲሴ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ ለእኔ ሦስት፣ ለገላን ሦስት ሺህ ብላ ትጨምርበታለች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ ሰው ነው። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። ቱቦዋ ከታንኩ ከወጣች በኋላ አፍታም አትዘገይም። የገላ ሙቀት ያለው ለብ ያለ ውሃ አዘጋጅቶ፣ ከደረት ኪሱ በማይለየው ቴርሞሜትር ለክቶ፣ ወዲያው ይነክራታል፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ወደ ላሟ። ቀስ በቀስ የሞቀ ዘር ይሞታል። ከእሱ ሥራ ለሚማሩ ወጣቶች ሁሌ የሚነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ከብርድ የወጣ ነገር መሀል መንገድ ላይ መቆም የለበትም ይላቸዋል። እጁ ይህን ሥራ ከመልመዱ የተነሳ ሳያስበው ነበር የሚሠራው።

ሶሬሳና ጋዲሴ የሚኖሩበት ግቢ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ አንድ የቆርቆሮ በር ያለው ሰፊ ግቢ ነበር። ፊት ለፊታቸው የሸኪብ ቤት ነው። ሸኪብ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ የመጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ኢክራማ ሳሪስ አቦ ገበያ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ዩምና እዚያው ግቢ ውስጥ አድጋ፣ ኤሌክትሪክ ተምራ፣ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ያለው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆናለች። ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት። ስትራመድ የሆነ ነገር ያመለጣት ነው የምትመስለው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዩምና የሶሬሳን ቤት አንኳኩታ ገባች።

"ጋሼ ሶሬሳ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።"

"ላምሽ ምን ሆነች?" አላት።

"ላም የለኝም። እኔ የምፈልገው ብርዱን ነው።"

የሶሬሳ ትከሻ ተነቀነቀ። ከዚያ ግን ልጅቷ እንደማትቀልድ አየና ወንበር ሳበላት።

የነገረችው ነገር ለሌላ ሰው ለመንገር ይከብዳል። ሶሬሳ ግን በኋላ ሲያስረዳ ሁሉም ሰው ይገባው ነበር። ቺሊ በሚባል ሩቅ አገር፣ ዝናብ የማያውቀው ተራራ ላይ፣ የሰማይን ብርሃን የሚለቅም ትልቅ ቴሌስኮፕ አለ። የሚለቅመው በዓይን የምናየውን ዓይነት ብርሃን አይደለም፤ ኮከብ ከሚወለድበት የአቧራ ደመና ተነስቶ፣ መንገድ አድክሞት የሚደርስ እጅግ የሳሳ ነገር ነው። ያንን የሚይዙት የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ የብረት ዓይኖች ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን እልፍ ነው። የሚሠሩትም ሲበርዳቸው ብቻ ነው። ብርድ ሲባል ታዲያ የሶሬሳ ታንክ ለእነሱ ገና በረንዳው ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት ከዚያ ወዲያ ሌላ ብርድ የሌለበትን ብርድ ነው። እዚያ ሲደርሱ ብረቱ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ድካም ያሳልፋል። ያኔ የራሱ ጫጫታ ስለሌለው የሰማዩን ሹክሹክታ ይሰማል።

"ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?" አለ ሶሬሳ።

ችግሩ ሽቦው ነው አለችው። እያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ሽቦ ካለው፣ ሽቦው ሁሉ ከውጭ ሙቀት እየተሸከመ ይገባና ብርዱን ያጠፋዋል። ይህ ለሶሬሳ አልከበደውም። የታንኩ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ብርዱ እንደሚሄድ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል። ስለዚህ ለብዙ ዓይን አንድ ሽቦ ብቻ ይሰጣል። የቱ ዓይን እንደተናገረ በምን ይለያል ሲላት፣ በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ግቢያችን ስንት ቤት ነው? በሩስ? አንድ በር ነው አለችው። የእነዩምና ቤት እንግዳ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ያንኳኳል፤ የሶሬሳ እንግዳ ሦስት ጊዜ ዘገም አድርጎ፤ የአቶ ተሰማ ደግሞ አንድ ከባድ። ሰው አልጋው ላይ ሆኖ የማን እንግዳ እንደመጣ ያውቃል። እያንዳንዱ ዓይንም እንዲሁ የራሱ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ሁሉም ባንድ ሽቦ አብረው ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ተለይተው ይሰማሉ።

ዩምና የምትሠራው ብርዱ ውስጥ ተቀምጦ ያንን የድምፅ ጉንጉን የሚቀበለውን ሰሌዳ ነበር። መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ላይዋ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ተበይደዋል። ሦስት ዓመት ደክማባታለች። አሁን የቀረው መፈተን ነው፤ በርዳ ሞቃ፣ ደግማ በርዳ ደግማ ሞቃ አንድም ድምፅ ካልጠፋባት የቴሌስኮፑ ሰዎች ይወስዷታል፤ ዩምናም አብራ ሄዳ በገዛ እጇ ትገጥማታለች። ካልሆነ ግን ሌላ አገር ያለ ቡድን የራሱን ሰሌዳ ጨርሶ እየጠበቀ ነው፤ ቦታው የእነሱ ይሆናል። የመጨረሻው ብርድ እዚያ አገር ነው የሚገኘው፤ የመጀመሪያው ብርድ ግን ቃሊቲ አለ።

"እንግዲህ ሁሉም ነገር በእኔ ናይትሮጅን ላይ ነው በይኛ።"

"በአላህና በእርስዎ" አለችው።

ይቺ ቃል ሶሬሳ ላይ ቀረች።

ማዳቀያው በደብዳቤ ተጠይቆ ከተረፈው እንዲሰጣት ፈቀደ፤ ማድረሱን ሶሬሳ በራሱ ላይ ወሰደ። ሞተር ሳይክሉ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው መጀመሪያ የሞከረው ታክሲ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ከናይትሮጅን ጋር የሚሄድ ሰው መስኮት መክፈት አለበት፤ ተዘግቶ ከሆነ ሰው ቀስ በቀስ አየር ያጥረዋል። በክረምት ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ክፈቱ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። አንዷ ነፋስ መታኝ አለች፤ አንዱ አንገቱን በፎጣ ጠመጠመ። ነጩ ጢስ ከክዳኑ ስር ሾልኮ እግራቸው ስር ሲተኛማ ሁሉም እግሩን ሰበሰበ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የያዙት?" አለ ረዳቱ።

"ብርድ ነው።"

"ብርድማ እኛም አለን፤ ደግሞ በነፃ ነው። ይውረዱልን በቃ።"

ሶሬሳ ወረደ። የቀረውን መንገድ ታንኩን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጁ እየቀያየረ፣ ጭቃውን እየረገጠ በእግሩ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ሸኪብ ከተማ ውስጥ ካለ በአይሱዙው የጭነት ቦታ ላይ ያስርለታል፤ ከሌለ ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቆ በሞተሩ ይሄዳል።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ዩምና ሰሌዳዋን በገመድ አንጠልጥላ የፎም ሳጥን ውስጥ ወዳለው ናይትሮጅን ታወርዳታለች። ፈሳሹ መጀመሪያ እንደ ንፍሮ ይፈላል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ላፕቶፑ ላይ ድምፆቹ እንደ ሚዶ ጥርስ ተደርድረው ይታያሉ። አንድም ጥርስ ካልጎደለ ሁሉም አለ ማለት ነው። ሶሬሳ የሚዶውን ጥርስ አንድ በአንድ ዓይኑን አስኪዶ ሲጨርስ፣ ባዶውን ታንክ ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ ሰሌዳው ሲወጣ አይቶ አያውቅም። ሰሌዳው አወጣጡ ደግሞ ረጅም ነበር። ዩምና ከፈሳሹ በላይ ትንሽ ከፍ ታደርገውና እዚያው ጢሱ ውስጥ ታቆየዋለች፤ ቆይታ ደግሞ ትንሽ ከፍ ታደርጋለች። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እንዲህ ስታደርግ ትውላለች፤ ሰሌዳው ሳያውቀው እንዲሞቅ።

ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፉ። ሚዶው ሙሉ እንደሆነ ነበር። ሶሬሳ ማታ ቤቱ ሲገባ ጋዲሴ ከመቀመጡ በፊት ትጠይቀዋለች፤ ሙሉ ነው ይላታል። ግቢው ሁሉ ለምዶት ነበር። አቶ ተሰማ እንኳ፣ እኒያ እንግዳቸው አንድ ከባድ የሚያንኳኳው፣ ሚዶው እንዴት ዋለ ይሉት ጀመር።

ጳጉሜ ላይ ሩት መጣች። ሩት የዩምና የትምህርት ጓደኛ ናት፤ ሆላንድ አገር፣ ከቴሌስኮፑ ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው። ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቦቿ ጋ መጥታ፣ በዓሉ እንዳለፈ ስትመለስ ሰሌዳዋን በእጅ ሻንጣዋ ይዛ ልትሄድ ተስማምተዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማያውቁት አይሰጡም። ዩምና ከመላኳ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ፣ ልታቀዘቅዘው ፈለገች።

በዚያ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሰሌዳው ወርዶ፣ ፈሳሹ ጸጥ ብሎ፣ ሚዶው ሙሉ ሆኖ ሳለ የዩምና ስልክ ጮኸ። ኢክራማ ሱቋ ውስጥ ወድቃለች፤ ስኳሯ ነው፤ ጎረቤቶቿ ሐኪም ቤት እየወሰዷት ነው። ሸኪብ ደሴ መንገድ ላይ ነው። ዩምና ሹራቧን እንኳ ሳታነሳ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ናይትሮጅኑ ካለቀ ያውጡልኝ አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ሌላ ለመጨመር ልብም አልነበራት።

ሶሬሳ ብቻውን ቀረ። ከታንኩ የማይለያትን ቀጭን እንጨት ወደ ፈሳሹ እየሰደደ ያወጣታል፤ እንጨቷ ላይ የሚቀመጠው ነጭ አመዳይ ምን ያህል እንደቀረ ይነግረዋል። አመዳዩ እያጠረ ሄደ። ዩምና አልመጣችም። ስልክ አልደወለላትም፤ እናቷ ጋ እያለች ለምን ያስጨንቃታል። መጨረሻ ላይ የሰሌዳው ጫፍ ከፈሳሹ ወጥቶ ታየው። ግማሹ ብርድ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። በእሱ ሥራ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሠራው እጁ ነው። ጥግ ላይ ባለችው የሻይ ማፍያ ውሃ አፈላ፤ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ እየጨመረበት ለብ አደረገው። ቴርሞሜትሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለካ። ሰሌዳው ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቦ አጥብቆ አሰረው። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውሃው አወረደው። ደረቅ አተር በጫማ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞም ሁለቴ። በረዶው እየለቀቀ ይሆናል አለ በልቡ። አወጣው፤ ፈታው፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛው። አንድ ጠብታ ውሃ አልነካውም። ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ዩምና ልትመለስ የቻለችው አመሻሹ ላይ ነው። እናቷ ተሽሏታል፤ ቤት አስተኝታት መጣች። ሶሬሳን ከልቧ ነው ያመሰገነችው፤ ይሄን ሁሉ ሰዓት ቁጭ አሉልኝ እያለች ሰሌዳውን ከሽቦው ጋር አገናኘች። ላፕቶፑ ላይ ሚዶው ወጣ። አሮጊት ሚዶ ነበር፤ እዚህም እዚያም ጥርሱ የለም።

ሽቦውን ነቅላ ደግማ ሰካች። ያው ነው።

"ጋሼ ሶሬሳ፣ በምን አሞቁት?"

"ለብ ባለ ውሃ። በፌስታል አድርጌ ነው፤ ውሃ አልነካውም።"

እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን አየችው እንጂ አልነካችውም።

"ምን አጠፋሁ?" አላት።

"እርስዎ አላጠፉም። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።"

"እሱን ተይውና ምን እንዳደረግሁ ንገሪኝ።"

ነገረችው። ሽቦውና ሰሌዳው ሲበርዱ እኩል አይኮማተሩም፤ ሲሞቁም እኩል አይዘረጉም። ጊዜ ከተሰጣቸው ይተያያሉ፤ በድንገት ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን ይበጥሳል። ሶሬሳ ያን ቀጭን ድምፅ አስታወሰ።

"የእኔዎቹ የሚሞቱት ሲዘገዩ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አለችው ዩምና። "ስለማውቅ ነው መንገር የነበረብኝ።"

ያን ማታ ራት አልበላም። ጋዲሴ የማን ላም ሞተች አለችው፤ ላምስ በሆነች ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱ ሸኪብ ከመንገድ ገብቶ ነገሩን ሰማ። ሊያጽናናው ብሎ መጣና፣ ኢክራማማ ደስ ብሏታል፣ ልጄን ባሕር ማዶ ከመሄድ አዳነልኝ እያለች ነው ብሎ ሳቀ። ኢክራማ እውነትም ልጇ እንድትርቅ አትፈልግም ነበር። ለሶሬሳ ግን ከስድብ የባሰ ነበር። የሰው ልጅ መንገድ እጄ ላይ ተሰበረ እያለ ግቢውን ሲያቋርጥ ቀና ብሎ አይሄድም ነበር።

ዩምና ሰሌዳዋን ማይክሮስኮፕ ስር አስገብታ ስታየው የተበጠሱት ሽቦዎች አንድ ዓይነት ሆነው አገኘቻቸው። ሁሉም ተወጥረው የተበየዱ ናቸው። ሥራው እንዲያምር፣ እንደ ክራር ክር ቀጥ እንዲል ብላ ራሷ ነበረች የወጠረቻቸው። ትንሽ ልል ብለው የቀሩት አልተነኩም። የተበጠሱትን ትንሽ ጎበጥ እያደረገች እንደገና በየደች። ሌሎቹ፣ ተወጥረው ግን ሳይበጠሱ የቀሩት፣ እንዳሉ ቀሩ፤ ሩት ልትሄድ ነውና ጊዜ አልነበረም። አሁን ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ማቀዝቀዝ ብቻ ቢቻል መዳኑ ይታወቃል። ማዳቀያው ግን ለእንቁጣጣሽ ዝግ ነው፤ ናይትሮጅን አይቀዳም።

በበዓሉ ዋዜማ ሶሬሳ የሥራ ታንኩን ተሸክሞ ዩምና ጋ መጣ። ለበዓል ተረኛ እሱ ስለሆነ ታንኩ ሙሉ ነበር።

"ይኸውልሽ" አላት። "ገልብጪው።"

ዩምና ክዳኑን አየች። "ውስጡ ያሉትስ?"

"ኮርማ ሞልቷል።"

"የወይዘሮ አደሴ ላም እርስዎን እየጠበቀች አይደል እንዴ? ትናንት ግቢው ድረስ መጥተው ሲነግሩዎት ሰምቻለሁ።"

አደሴ ገላን የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻት ላም አንድ ናት።

"ላም ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግማ ትፈልጋለች።"

"ቱቦዎቹስ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ይነሳሉ?"

 ማዳቀያው ስለተዘጋ ሶሬሳ ቱቦዎቹን የሚያዛውርበት ሌላ ታንክ የለውም።

"ይውሰዱት ጋሼ" አለችው። "እኔ በሰው ላም ላይ ሰሌዳ አልፈትንም።"

ወሰደው። በዓሉን ገላን ውሎ መጣ።

ሩት ሰሌዳውን ልትቀበል የመጣች ቀን ሶሬሳም ነበር። ዩምና ከሰሌዳው ጋር የሚሄድ ጽሑፍ አዘጋጅታለች፤ ሰሌዳው በድንገት እንደሞቀ፣ የትኞቹ ሽቦዎች እንደተበጠሱ፣ የትኞቹ እንደታደሱ፣ ከታደሰ በኋላ እንዳልቀዘቀዘ። ሩት አንብባ ራሷን ነቀነቀች። እዚያ ሲደርስ ያው ይበርዳል፤ ከሠራ ሠራ፣ ምን አስለፈለፈሽ፣ ይሄን ሲያዩ ወዲያው ወደ ሌላው ቡድን ነው የሚሄዱት አለቻት። ለእሷ አስባ ነው። ዩምና፣ ካልሠራስ የቱ እንደተነካ በምን ያውቃሉ አለች።

ሶሬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "የእኔን ስም ጻፊበት።"

"ስም አይጠይቁም ጋሼ። በድንገት ሞቀ ማለት ይበቃል።"

"በድንገት አልሞቀም። እኔ ነኝ ያሞቅኩት፤ ለክቼ።"

ሩት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሳቋን ይሁን ሌላ ነገር መደበቋ አልታወቀም። ዩምና ግን አልሳቀችም። እስኪርቢቶዋን አንስታ አንድ መስመር ጨመረች፤ ሰው በለካው ለብ ያለ ውሃ ሞቀ ብላ። ስም አልጻፈችም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። መስቀል አለፈ፤ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ደግሞ ጠወለገ። ፀሐይዋ ወጥታ ሰው ጋቢውን ከትከሻው ላይ አወረደ። ሶሬሳ መጀመሪያ በየቀኑ ይጠይቃት ነበር፤ በኋላ ፊቷን ብቻ እያየ ማለፍ ጀመረ፤ በኋላ ደግሞ እሱንም ተወ።

ኅዳር ላይ ዩምና ማዳቀያው በር ድረስ መጣች። ሶሬሳ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ወጣ። መልሱ ደርሷል። ሰሌዳዋን እዚያ የመጨረሻው ብርድ ውስጥ አስገብተዋት የታደሱት ድምፆች ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ተናገሩ። ዝም ያሉት ሌሎቹ ናቸው፤ ያልተበጠሱት፣ እንደተወጠሩ የቀሩት። ሁለተኛ ሲያቀዘቅዟቸው ከመካከላቸው ጥቂቱ ተበጠሰ። ስለዚህ ሰሌዳዋ አልተገጠመችም። ቦታውን ሌላው ቡድን ወስዶታል።

ሶሬሳ አንገቱን ደፋ። ዩምና ግን አልጨረሰችም። የታደሰው የቱ እንደሆነ፣ ያልታደሰው የቱ እንደሆነ ተጽፎ ስለደረሳቸው ያዳነው የሽቦው ልል መሆን እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። ቴሌስኮፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ የዓይን ረድፍ ይጨመርለታል፤ ለዚያ የሚሆነውን ሰሌዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልል ሽቦ እንድትሠራ ጠይቀዋታል። ደህና ሆኖ ከወጣ መጥታ ትገጥመዋለች።

"ናይትሮጅን ያስፈልገኛል" አለችው። "ብዙ።"

"እኔን ደግሞ ታምኚኛለሽ?"

"ከአሁን በኋላ ሲወጣ አብረን ነው የምናወጣው" አለችው።

ዓመት ሙሉ ተመላለሰ። ሰሌዳው ሲወጣ አብሯት ቁጭ ይል ነበር፤ ገመዱን የምትሰጠው ለእሱ ነው። ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ መጠበቅ፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ ማድረግ። ለእሱ ከባድ ነበር። እጁ ይቸኩላል፤ ጉልበቱ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይመለሳል። ዩምና እያየች እንዳላየች ትሆናለች። ሚዶው ግን እስከ መጨረሻው ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ዩምና በጥር ወር ሄደች። ሸኪብ በአይሱዙው ካልወሰድኳት ብሎ ሲሟገት በግድ ነው ታክሲ የተጠራው። ኢክራማ እያለቀሰችም እየመረቀችም ነበር። ሶሬሳ የሰሌዳውን ሳጥን ከቤት እስከ ታክሲው ተሸክሞ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጦላት፣ በሩን ራሱ ዘጋ።  ስትደርሺ አይቸኩሉ በያቸው አላት፤ እሺ ጋሼ አለችው።

ሰሌዳው ተገጥሟል። ዩምና ሥራውን እንድትቀጥል ጠይቀዋት እዚያው ቀርታለች፤ ባለፈው ረመዳን ለእናቷ ስትደውል ቺሊ ውስጥ፣ ከተራራው ግርጌ ባለችው ሳን ፔድሮ በምትባል ከተማ ነበረች። ግቢው ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ሄዷል። ሸኪብና ኢክራማ ሳሪስ ቤት ተከራይተዋል። ሶሬሳ ጡረታ ወጥቷል፤ ባለፈው ግንቦት ወሬው ሲሰማ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ልጁ ቤት፣ ከጋዲሴ ጋር ይኖር ነበር።